መልስ፦ ማግኔት ኒውትሮንን ለምን አይዘውም?

ስለ ፊውዥን ሪአክተር፣ ማለትም ቀላል አተሞችን አዋህዶ ጉልበት ስለሚያወጣው ማሽን፣ "ማግኔቱ ፕላዝማውን (እጅግ የጋለውን፣ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ያሉበትን ጋዝ) ከያዘው ኒውትሮኑ ለምን ያመልጣል፣ ሪአክተሩ ሲያንስስ ለምን ይብሳል?" ላልከው ወንድሜ፣ ማግኔት አፍኖ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለውን ቅንጣት ነው፣ ኒውትሮን ግን ቻርጅ የለውም። የጦሳ ተራራ ጉም በአጥር ሾልኮ ደሴን እንደሚያለብሳት፣ በማግኔቱ ሰተት ብሎ ያልፋል። ነዳጆቹ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም (ከበድ ያሉ የሃይድሮጅን ዓይነቶች) ሲዋሃዱ ከሚወጣው ጉልበት 80 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 14.1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ ማዘግየት ያስፈልጋል። ልጅ ሆነን ብይ ስንጫወት አስታውስ፤ ብይ ትልቅ ድንጋይ ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል፣ እኩያውን ብይ ፊት ለፊት ሲመታ ግን ፍጥነቱን ሰጥቶ እዚያው ቀጥ ይላል። የኒውትሮን እኩያ ሃይድሮጅን ነው፣ ለዚህ ነው ሃይድሮጅን የበዛበት መከለያ የሚመረጠው። ግን ቦታ ከየት ይምጣ? ሪአክተሩ ሲያንስ ለመከለያውም፣ ትሪቲየም ለሚመረትበት ሊቲየምም የሚተርፈው ውፍረት ይሳሳል፣ ኒውትሮኑም ሱፐርኮንዳክተር ማግኔቱ (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት ከሚያስተላልፍ ቁስ የተሠራው) ጋ ደርሶ አተሞቹን እያፈናቀለ ያበላሸዋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህ የማግኔቱ መበላሸት ነው።