ለአሮጌዋ ሴሊካ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። በ1974 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ከአጎትህ ደርሳሃለች። ሞተሯ 2ቲ ነው። ዘይት ትበላለች፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ትንፈራፈራለች። የሃይሉክስ 22አር ሞተር ተገኝቶልሃል። "ልግጠመው ወይስ ይቅርብኝ? ከየትስ ልጀምር?" ነው ያልከው። እኔ ደሴ ነኝ። መኪናዬም ሐሳቤም ያንተው ዓይነት ነበር። አብሽር፣ የሚሠራ ነገር ነው። 22አሩን ግን ለመጀመሪያ ሥራህ አልመክርህም።

22አር መጥፎ ሞተር ስለሆነ አይደለም። 2366 ሲሲ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ቶሎ አይሞትም፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። እኔንም የሳበኝ ይሄው ነው። አዲስ አበባ ወርጄ ሞተሩን ብቻ ገዛሁ። 400 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ አስጭኜ ደሴ አስገባሁት። ቦታው ላይ ስናንጠለጥለው ሱፖርቶቹ (ሞተሩን የሚሸከሙት መያዣዎች) አልገጠሙም። የዘይት መያዣው ከሥር ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። የ2ቲ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ደግሞ ከ22አር ጋር በቡሎን አይገናኝም። ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ካምቢዮም ሊቀየር ነው። ካምቢዮው ሲቀየር ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ርዝመትም ይቀየራል። ሻጩ "በቀጥታ ይገባል" ብሎኝ ነበር። መኪናዬን ግን አላያትም። እኔም ሜትር ይዤ አልለካሁም። ሞተሩ ሁለት ወር ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆየና በኪሳራ ሸጥኩት።

ያኔ ነው እዚያው አንተ ከተማ ኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ የሄድኩት። ኮፋኖውን ከፍተው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ መጀመሪያ ዘመዱን ፈልግለት" አሉኝ። ዘመዱ 3ቲ ነው። 2ቲ 1588 ሲሲ ነው፣ 3ቲ ደግሞ 1770። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ካምቢዮው ይገጥማል፣ ሱፖርቱም ይገጥማል። እኔ ከተጋጨች ካሪና የወጣ አገኘሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ለሚቀይር ሰው ትልቁ ነገር መኪናዋ ተመልሳ መንገድ ላይ መውጣቷ ነው። ብየዳ የሚጠይቀውን ሥራ ለሁለተኛው ዙር አቆየው።

ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥልኝ። ሐረጎ ላይ የሚንፈራፈር ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሁሉ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላዎቹን ፍታና እያቸው። ጥላሸት ለብሰው ከሆነ፣ ከኋላም ጥቁር ጭስ ካለ፣ ቤንዚን በዝቶበታል። አነስ ያለ ዤት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ማስገባት ብቻ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት ነው የሚቃጠለው። ያኔ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ወይም የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት ማገጃዎቹ) አልቀዋል ማለት ነው። ያንተ ዘይት ይበላል ስላልክ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ሞተር ልትገዛ ስትሄድም ይሄን ከፍታ አትርሳ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለካ። ነገር ግን መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደሴ ላይ አትጠብቅ። አየሩ ስስ ስለሆነ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያነባል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር ትቶ ይሄዳል። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ ብቻ በጣም ከወረደ ተወው። የዘይት ክዳኑን ክፈት፤ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ሞተሩን በእጅህ በመፍቻ አዙረው። ሳይይዝ፣ ሳይንቋቋ መዞር አለበት።

ሞተሩን ብቻውን አትግዛ ደግሞ። ማለቴ፣ ሞተሩን ከነዘመድ አዝማዱ ግዛ፦ ከነካምቢዮው፣ ከነሞተሪኖው (ማስነሻው)፣ ከነዲናሞው፣ ከነካርቡራተሩ፣ ከነሱፖርቶቹ። ለየብቻ ስትፈልጋቸው የሚጨርሱህ እነዚህ ናቸው። ከያዝከው ብር ሲሶውን ለጥቃቅኑ አስቀምጥ። ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ጎማ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ዘይት። ሞተሩ ውጭ እያለ ፍሪሲዮን ካልቀየርክ በኋላ ለእሱ ብለህ እንደገና ታወርደዋለህ።

ስለ ወረቀቱ አጭር ነው፣ ግን እንዳታልፈው። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ስትቀይር ቁጥሩ ይቀየራል። ብር ከመክፈልህ በፊት መኪናዋ የተመዘገበችበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቅ። የሞተሩ ቁጥር ያልተፋቀ፣ የሽያጭ ውል የሚሰጥህ ሻጭ ፈልግ። ቦሎ ስታወጣ መሯሯጥ አይኖርም።

አሁን ማቀዝቀዣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተርህ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ ውሃው ሐረጎ ግማሽ ላይ ይፈላብሃል። ትንሽ ዕቃ ናት፤ አዲስ ግዛ። ራዲያተሩን አሳጥብ። ቴርሞስታቱን (በሙቀት የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) "ይሞቃል" ብለው ሊያወጡት ከፈለጉ እንቢ በል። ያለ እሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው።

ሲፈታ እያንዳንዱን ሽቦ በፕላስተር ምልክት አድርግበት፤ ፎቶ አንሳ። ሲገጠም ደግሞ ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደውን ወፍራም የመሬት ሽቦ እንዳትረሱ። እኛ ረሳነው። ቁልፉን ስናዞር ሞተሪኖው አልተነሳም፣ የነዳጅ መርገጫው የብረት ገመድ ግን ጨሰ። ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ሲያጣ በቀጭኑ ገመድ ሊያልፍ ነበር። ወላሂ፣ አጠገቡ የሚፈስ ቤንዚን ቢኖር መኪናዋም እኛም የለንም ነበር። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀይር፣ የእሳት ማጥፊያም አጠገብህ አኑር።

ፍሬኑንም ከሞተሩ እኩል ተመልከተው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጉልበት የወጣኸውን ዳገት በፍሬን አትወርደውም፤ በማርሽ ነው የምትወርደው። ከፊት ፓስቲኮቹን፣ ከኋላ የፍሬን ጫማዎቹን ለመካኒክ አሳይ። የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ ካላወቅክ አስቀይረው።

እኔ ስጨርስ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ነበር ያሰብኩት። የተነሳች ቀን እናቴ በረንዳው ላይ ቡና እያፈላች ነበር። ድምፁን ሰምታ ረከቦቱን ትታ መጣች። ያን ቀን አልረሳውም። ግን በዚያው ቀን ሐረጎን አልወረድኩም። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ አዞርኳት። በሁለተኛው ቀን ቦሩ ሜዳ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ሐይቅ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየመቆሚያው ከሥር ጎንበስ ብዬ የሚንጠባጠብ ነገር ፈለግኩ፣ ቡሎኖችን አጠበቅኩ። 500 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ዘይቱን ደፍቼ ቀየርኩ። ኮምቦልቻ የወረድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንተ ግን ያለኸው ታች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከተማዋ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ሞክራት፤ ሐረጎ መጨረሻ ላይ ይሁን። 22አሩን ለያዘልህ ሰው ዛሬውኑ ደውልና እንዳይጠብቅህ ንገረው። የካምቢዮህን ፎቶና ስንት ማርሽ እንደሆነ እዚሁ ለጥፍልኝ። ሞተር ማንሻ ፓራንኮ እኔ ጋ አለ። ሥራውን ስትጀምር መጥተህ ውሰድ፣ ኪራይ አልቀበልም።