ስለ ሂውስተን ለጠየቃችሁኝ

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲቪ የደረሰው ወንድማችን፣ የቴክሳስ ዋና ከተማ ሂውስተን ናት ወይ ይላል።
አይደለችም፤ ኦስቲን ናት። ሂውስተን ግን በሕዝብ ብዛት የቴክሳስ አንደኛ፣ የአሜሪካ አራተኛ ናት።

ነዳጅ ሲረክስ ከተማዋም አብራ ትወድቃለች የሚባለው እውነት ነው?
በ1980ዎቹ እውነት ነበር። ሥራውን ያጣው ሰው ቤቱንም ለባንክ አስረክቦ ወጥቷል። ነዳጅ ዛሬም ትልቁ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። የቴክሳስ ሜዲካል ሴንተር በዓለም ትልቁ የሕክምና ማዕከል ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ አለ። በ1914 የተከፈተው የመርከብ መተላለፊያ ደግሞ ከባሕር ራቅ ብላ የተቆረቆረችውን ከተማ ትልቅ ወደብ አድርጓታል። ነርሱም፣ ሹፌሩም፣ ኢንጂነሩም እንጀራ ያገኛል።

አንዲት እህት፣ ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም ወይ ትላለች።
የግዛቱ የለም፤ የፌዴራሉ ግን አይቀርልሽም። ቤት ከገዛሽ የንብረት ግብሩ ከብዙ ግዛቶች ይከብዳል። ዝርዝሩን የሂሳብ ባለሙያ ይነግርሻል።

ባልና ሚስት በከተማዋ ምዕራብ ቤት ወደዋል። ወኪሉ «የጎርፍ ቀጠና አይደለም፣ ኢንሹራንስ አያስፈልግም» ብሏቸዋል።
እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ በመንግሥት የጎርፍ ካርታ ላይ ከጎርፍ ቀጠና ውጪ ነበሩ። ሂውስተን ቤት የረከሰው እንደ ልብ ስለሚገነባ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ሸክላ አፈሩ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ዝናቡን ይይዝ የነበረው ሣር በአስፋልት ተሸፍኗል። እናንተ ባላችሁበት በኩል በ1940ዎቹ ጎርፍ ለመከላከል የተሠሩ አዲክስና ባርከር የሚባሉ ግድቦች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆኑ ዛፍና መናፈሻ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ሲሞሉ ውሃው የሚተኛበት መሬት ላይ ግን ሰፈር ተሠርቷል። በሃርቪ ጊዜ ከግድቦቹ በላይም በታችም ያሉ ቤቶች ተጥለቅልቀዋል።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ለጎርፍ አይከፍልም። የጎርፉ ለብቻው ይገዛል፤ የመንግሥቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። አውሎ ነፋስ መጣ ሲባል መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ቤቱ ውሃ ገብቶበት ከነበረ ሻጩ በጽሑፍ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ ወረቀቱን ጠይቁ። ጎረቤት አንኳኩና በሃርቪ ጊዜ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ጋራዥ ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ፤ ከወገብ በታች ብቻ አዲስ ጂፕሰም ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይንገሯችሁ። ወኪሉ ያላመጣው፣ ራሳችሁ የመረጣችሁት የቤት መርማሪ (ኢንስፔክተር) ቤቱን ሳያየው ፈጽሞ እንዳትፈርሙ።

ያለ መኪና መኖር ይቻላል?
ባቡርም አውቶቡስም አለ፤ ግን ከተማዋ በጣም የተንጣለለች ናት። መንጃ ፈቃድህን ቶሎ አውጣ።