ሌበል ከውጅግራ፤ ስለ ቀለሃ ቅርፅ

ጥያቄ፦ በጅማ ቶርኖ ቤት እሠራለሁ። ከአያቴ ዕቃ ውስጥ ሁለት ባዶ ቀለሃ አገኘሁ። ሽማግሌዎች አንዱን የውጅግራ፣ ሌላውን የሌበል አሉት። ቁመታቸውና አፋቸው ሲለያይ ግርጌያቸው በካሊፐር ተቀራረበ፤ ለምን? አሜሪካኖች «ዋይልድካት» የሚሉት ጥይትስ በምን ይበልጣል? የውጅግራው አንገት ደግሞ ተሰንጥቋል።

መልስ፦ ልኬትዎ ትክክል ነው። የሁለቱም ግርጌ ከጠርዙ በላይ ከ13.5 እስከ 14 ሚሊሜትር ነው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ የ1874 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ግራ ጠመንጃ ነው፤ ቀለሃው 59 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጭስ አልባ ባሩድ ተገኝቶ በ1886 ሌበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ለማድረስ ሲጣደፉ፣ የውጅግራውን ግርጌ እንዳለ ይዘው አንገቱን ከ11 ወደ 8 ሚሊሜትር አጠበቡት። ጥድፊያው ዋጋ አስከፍሏል። ግርጌው ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን ሆኖ ጠርዙም ወደ ውጭ ስለወጣ፣ ጥይቶቹ ሲደረደሩ ክብ ይሠራሉ፤ የሌበልን ጥይት የሚተኩሰው የፈረንሳዮቹ የሾሻ መትረየስ ካዝና ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ለዚህ ነው። የክላሽ ካዝና የጎበጠበትም ምክንያት ያው የቀለሃው ሹልነት (ከግርጌ ወደ አፍ እየቀጠነ መሄዱ) ነው፤ እዚያ ግን ሆን ተብሎ ነው፣ ሹል ቀለሃ ከተተኮሰ በኋላ በቀላሉ ይላቀቃልና።

ዋይልድካትም በዚሁ ብልሃት ይሠራል፦ የነባር ቀለሃ አንገት ይጠብባል ወይም ይሰፋል፣ ትከሻው (ወደ አንገት የሚጠብበት ዘንበል ያለው ክፍል) ይገፋል። ጥይቱን የሚሸጥ ፋብሪካ ግን የለም። አንዳንዱ በኋላ ፋብሪካ ይገባል፤ .22-250 የተባለው ጥይት በ1965፣ .25-06 የተባለው በ1969 በአሜሪካው ፋብሪካ በሬሚንግተን በኩል ገብተዋል። ጠመንጃ ሠሪው ፓርከር አክሊ የቀለሃውን ጎን አቅንቶ ትከሻውን ወደ 40 ዲግሪ አቆመው፤ የታወቀው የአሜሪካ ጥይት የ.30-06 ትከሻ 17 ተኩል ዲግሪ ነው። ትንሽ ተጨማሪ ባሩድ ይይዛል፣ ናሱም ወደ አንገት መሸሹ ይቀንሳል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን ቀድሞ በጣም ሹል በነበረ ቀለሃ ላይ ነው። በ.30-06 ላይ የሚገኘው ጭማሪ ለድካሙ አይበቃም ባይ ነን።

እንዲህ ያለውን ለውጥ በቶርኖ ሠርተው በጠመንጃ እንዳይሞክሩት አጥብቀን እንመክራለን። አንገት ሲጠብ ናሱ ይወፍራል፤ ካልተላገ በበርሜሉ ውስጥ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና አረሩን አንቆ ይይዛል፣ ግፊቱም በቅጽበት ያሻቅባል። የጥይቱ ማረፊያ ከሚገባው በላይ ከጠለቀ ደግሞ ቀለሃው ተለጥጦ ከግርጌው በላይ ይበጠሳል፤ ምልክቱ በዙሪያው የሚታይ የሚያበራ ቀለበት ነው።

የአንገቱን ስንጥቅ በተመለከተ፦ የቀለሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። በተጠበበና በተለጠጠ ቁጥር ይጠጥራል፤ እርጥበትና ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞንያ ሲጨመሩበት ይሰነጠቃል። እንግሊዞች በህንድ፣ በዝናብ ወራት ጋጣ አጠገብ ባከማቹት ጥይት ላይ ይህንኑ አይተዋል። ለጅማ ክረምትም ይሠራል፤ ቀለሃዎቹን በሳሙናና በውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ፣ አሞንያ ያለበት ማጽጃ አያስነኩ፣ ከበቅሎ ጋጣም ያርቁ። የተሰነጠቀውን በእሳት ማለስለስ አይመልሰውም።