ለድርቅ የተዋጣ ገንዘብ ከብት ላይ እንዴት ይውላል? ለቦረናው ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ይህ ነው፦ በያቤሎ ዙሪያ ላሉ 40 ቤተሰቦች ውጭ የምትኖሩ የአካባቢው ልጆች ገንዘብ አዋጥታችኋል። ዝናቡ ቀርቷል፣ ከብቱ መክሳት ጀምሯል። ገንዘቡን በቴሌብር እንላክላቸው ወይስ መኖ ገዝተን እናውርድ? መንግሥት ወይም ኢንሹራንስ የሚከፍለው ነገርስ አለ?

ስለ አላላኩ ከመነጋገራችሁ በፊት ስንት ከብት እስከ መቼ እንደምትመግቡ ወስኑ። በየድርቁ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ለሁሉም ይድረስ ተብሎ ለ400 ከብት የሦስት ሳምንት መኖ ይገዛል፤ በአራተኛው ሳምንት መኖው ያልቃል፣ ከብቱም ያልቃል። ያው ገንዘብ 80 ላም ዝናብ እስኪመጣና ሣር እስኪበቅል ሊያደርስ ይችል ነበር። ለቤተሰብ ሁለት ላም ማለት ነው። ያንሳል፣ ግን ሁለት የምትወልድ ላም ያለው ቤት ከብት አለው ይባላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የቦረና ላም ነፍሷን ለማቆየት በቀን 3 ኪሎ ተኩል ያህል ድርቆሽና 1 ኪሎ ድብልቅ (ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ቅሪት) ይበቃታል። አትሰባም፣ ብዙ ወተትም አትሰጥም፣ ግን ቆማ ትውላለች። ለ120 ቀን ሲባዛ 4 ኩንታል ከ20 ኪሎ ድርቆሽና 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ድብልቅ ይሆናል። ለ80 ላም 336 ኩንታል ድርቆሽና 96 ኩንታል ድብልቅ ማለት ነው። በመንገድና በአመጋገብ ለሚባክነው 10 በመቶ ጨምሩ። በዛሬ ዋጋ አባዙት፣ የመኪና ኪራይ ደምሩ፣ ለአንዲት ላም የሚወጣውን አግኙ፤ ከዚያ ያላችሁን ገንዘብ ለዚያ አካፍሉት። የወጣው ቁጥር 50 ከሆነ 50 ነው። 80 እንዲሆን ቀኑን አታሳጥሩ።

ሁለቱ ላሞች እነማን ይሁኑ የሚለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ግን መስፈርቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ወሊዷ ያለች፣ ያረገዘች ወይም ጥጃ የምታጠባ፣ በራሷ የምትነሳ። ዳሌዋና የጎድን አጥንቷ ቢቆጠርም ከጭራዋ ሥር ትንሽ ሥጋ የቀረላት ላም ትድናለች። ጭራዋ ሥር ጎድጉዶ፣ አከርካሪዋ እንደ መጋዝ የወጣና ለመነሳት ሰው የሚደግፋት ላም ግን መኖውን በልታ የመሞት ዕድሏ ሰፊ ነው። ይህን ለባለቤቱ መንገር ከባድ ነው፤ መስፈርቱን በሽማግሌዎች ፊት ቀድሞ መወሰን የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የቀሩት ከብቶች ሳይከሱ ይሸጡ። ከሁሉም በፊት የሚጠቅመው፣ ሁልጊዜም የሚዘገየው ይሄ ነው። በሞያሌ እ.ኤ.አ. በ2006 የተደረገው ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ የረድኤት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ ላኪ ነጋዴዎችን ወደ ድርቁ አካባቢ አመጣ፤ ለሁለት ነጋዴዎች ለእያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር አበደረ፤ ነጋዴዎቹም ከ5,000 በላይ ከሚሆኑ ቤተሰቦች ወደ 20,000 ከብት ገዙ። አርብቶ አደሩ እጅ የገባው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነጋዴዎቹ ገንዘብ እንጂ እርዳታ አልነበረም። ከዚያም ላይ ሰዉ ለቀሩት ከብቶቹ መኖና መድኃኒት ገዛ። እናንተ ላኪ ባታመጡም ቢያንስ ወይፈኖችና መካን ላሞች ገበያ እስኪደርሱ የመኪና ኪራይ መሸፈን ትችላላችሁ። የአንድ ጉዞ ኪራይ በዚህ ጊዜ ከአንድ መኪና ድርቆሽ የበለጠ ይጠቅማል። ከብቱ በእግሩ መሄድ ካቃተው ግን ነጋዴም አይወስደውም። ያኔ የሚቀረው በእንስሳት ሐኪም አስመርምሮ እዚያው አርዶ ሥጋውን ለችግረኛ ማካፈል ነው። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ደም የሚፈሰው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይታረድም፣ አይከፈትምም።

አሁን መኖው። ድርቆሹ ከሱሉልታና ከሰንዳፋ ዙሪያ፣ የስንዴ ገለባው ከአርሲና ከባሌ፣ ፉርሽካው ከሐዋሳ፣ ከሻሸመኔና ከአዳማ ዱቄት ፋብሪካዎች ይመጣል። ድርቆሽን በእስር አትግዙ፣ በሚዛን ግዙ። «15 ኪሎ ነው» የተባለ እስር 10 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ 18 ከሆነም መሃሉ ድንጋይ ወይም እርጥበት ሊኖር ይችላል። ከክምሩ መሃል ሦስት እስር አስፈትታችሁ እዩ። ውስጡ አረንጓዴ ቀለም ካለውና የሣር ሽታ ከሸተተ ውሰዱ፤ ከጠቆረ፣ ነጭ ብናኝ ካለውና ከሞቀ ተዉት። ድርቆሽ መኪናውን በመጠኑ እንጂ በክብደቱ አይሞላውም፤ ስለዚህ ኪራዩን በኩንታል ሳይሆን በጉዞ ተስማሙ፣ ከላይም ሸራ ይልበስ። ፉርሽካውን ጨብጡት፦ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። አንድ ጭብጥ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ አሸዋ ከተቀላቀለ ከሥር ይቀራል።

ድብልቁ ሦስት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ነው፤ በኩንታል 1 ኪሎ ጨው ይገባበታል። ፋጉሎው ሳይፈጭ እንደ ድንጋይ ከመጣ መጀመሪያ ይሰበር፣ ከዚያ ይቀላቀል። ድርቆሽ ጠፍቶ የስንዴ ገለባ ብቻ ከተገኘ የፋጉሎውን ድርሻ ከፍ አድርጉ፤ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም።

ለወራት የተራበ ከብት በመጀመሪያው ቀን 1 ኪሎ ፉርሽካ ከበላ ሆዱ ይኮመጥጣል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ከሩብ ኪሎ ተነስታችሁ በ7 እስከ 10 ቀን ወደ 1 ኪሎ አድርሱት፤ ሁልጊዜም ድርቆሹ ይቅደም። መሬት ላይ የተበተነ መኖ በኮቴ ይረገጣል፤ ከግማሽ በርሜል የተሠራ ገንዳ ይሻላል። ጉልበት ያላቸው ላሞች ደካሞቹን ስለሚገፉ በሁለት ዙር አብሏቸው።

ዩሪያ (ማዳበሪያው) ለመኖ ይሆን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ርካሽ ስለሆነ። ዩሪያ በውኃ በጥብጦ ለተራበ ከብት ማጠጣት ገንዘብ አውጥቶ ከብት መግደል ነው። የሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) እና የዩሪያ ብሎክ ካገኛችሁ የሚላስ እንጂ የሚነከስ እንዳይሆን ጠንካራ ይሁን፤ ዝናብ አይንካው፤ ከድርቆሽ በኋላ ብቻ ይሰጥ፤ ለጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ አይሰጥ። በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተንቀጠቀጠ፣ አረፋ የደፈቀና ሆዱ የተነፋ ከብት በዩሪያ ተመርዟል። ሐኪም እስኪደርስ ከ2 እስከ 4 ሊትር ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይጋት፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ ሳንባው እንዳይገባ።

ለሕክምና መድኃኒት በጅምላ ገዝታችሁ በነፃ አታድሉ። የወረዳው የግል እንስሳት መድኃኒት ቤት ይከስራል፣ በሚቀጥለው ዓመት አታገኙትም። ኩፖን ይሻላል፦ ለየቤተሰቡ አምስት፣ ተራ ቁጥርና ማህተም ያለበት፣ የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት። አርብቶ አደሩ ኩፖኑን ለመድኃኒት ቤቱ ወይም ለማህበረሰቡ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይሰጣል፤ እናንተ በሳምንት አንዴ ኩፖኑን ከሕክምና መዝገቡ ጋር አመሳክራችሁ ትከፍላላችሁ። ክፍያው ወር ከዘገየ ሰውየው መድኃኒት የሚተካበት ገንዘብ ስለሌለው አሠራሩ ይቆማል። ቅድሚያው የሆድ ትልና መዥገር ነው፤ ለከብቱ የምትሰጡትን መኖ ትሉ ይበላዋልና። የትልና የመዥገር መድኃኒቱ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ከቆዳ ሥር ነው። ክብደቱ በዓይን ሲገመት ለከሳ ከብት መጠኑ ስለሚበዛ የደረቱ ዙሪያ በሜትር ይለካ። ወተቷ የሚጠጣ ላም ከሆነች ይህን አትወጉ፤ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ በየመድኃኒቱ ዕቃ ላይ አለ፣ ይነበብ። ክትባት ደግሞ አጥንቱ በወጣ ከብት ላይ እምብዛም አይሠራም፤ ድርቁ ሳይገባ ወይም ካገገመ በኋላ ነው።

ውኃ በቦቴ ማመላለስ የመጨረሻው ነው። 80 ላም በቀን በ25 ሊትር 2,000 ሊትር ትጠጣለች፤ የ10,000 ሊትር ቦቴ አምስት ቀን ነው። በዚያ ገንዘብ የጥልቅ ውኃ ጉድጓዱን ጀነሬተር ማስጠገንና ነዳጅ መሙላት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ወደ ቴሌብሩ ስንመጣ፣ በገበያው መኖ ካለ ብር ላኩ። ሰው ችግሩን ከእናንተ ይበልጥ ያውቃል፤ ብሩ ለልጅ እህል ቢውል እንኳ እህል ለመግዛት የምትሸጥ ላም ትተርፋለች። መኖ ከሌለ ግን ለ40 ቤተሰብ ብር መላክ ያለውን ጥቂት እስር ዋጋ ማናር ብቻ ነው፤ ያኔ በጋራ ገዝቶ ማውረድ ግድ ነው። ቅልቅሉ ጥሩ ነው፦ ድርቆሽና ፉርሽካ በዓይነት፣ መድኃኒት በኩፖን፣ ትንሽ ብር ለቤት። ብር ስትልኩ የአካባቢው ወኪል በአንድ ቀን ለ40 ሰው የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ላይኖረው ስለሚችል በአራት ቀን ከፋፍሉት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ፦ በቦረና የእንስሳት መድን እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል ተጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው ድራይቭ የተባለው ፕሮጀክትም ይህን ዓይነት መድን ይደግፋል። የሚከፍለው አስቀድሞ ለገዛ ሰው ብቻ ነው። የሞተውን ከብት ቆጥሮ ሳይሆን ሳተላይት የአካባቢውን ሣር አረንጓዴነት አይቶ ነው የሚከፍለው። ላሟ ብትሞትም የአካባቢው መለኪያ በውሉ ከተቀመጠው መስመር በታች ካልወረደ ክፍያ የለም፤ ከወረደ ደግሞ አንድም ላም ያልሞተበት ይከፈለዋል። ስለዚህ የሬሳ ፎቶ ይዞ ቢሮ መመላለስ ለኢንሹራንስ አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ውሉ፣ ደረሰኙና ከባንክ ደብተሩ ጋር አንድ ሆኖ የተጻፈ ስም ነው። ክፍያ በፊደል ልዩነት ይጓተታል። ሽያጩ ከዝናቡ በፊት ነው፦ ጋና ከሚባለው ዋናው ዝናብ በፊት በጥርና በየካቲት፣ ሃጋያ ከሚባለው አጭሩ ዝናብ በፊት በነሐሴ አካባቢ። ከመንግሥት በሞተ ከብት ልክ ካሳ አትጠብቁ፤ ግን መኖ ሲመጣ በወረዳው የአደጋ ሥጋት ጽሕፈት ቤት ዝርዝር ስለሚከፋፈል ቤተሰቦቹ በቀበሌ ይመዝገቡ።

በመጨረሻም ዝናቡ ሲጥል ገንዘባችሁ ማለቅ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቀናትም ብዙ ከብት ይሞታል፦ ስብ የሌለው ከብት በአንድ ሌሊት ብርድ ይደርቃል፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ መነሳት ያቅተዋል፣ ውኃ የሞላውን አዲስ ሣር በልቶ ያስቀምጠዋል። ከመኖው 20 በመቶው ለዚህ ይቆይ፤ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ጠዋት ወደ ሣሩ ከመውጣታቸው በፊት ድርቆሽ ይብሉ። ለሌሊቱ ከነፋስ የሚከልል ግርግዳና ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት በረት ይበቃል። ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ ወዲያው ከብት አትግዙ፤ ሁሉም ስለሚገዛ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሣሩም ገና ነው። ሁለተኛው ዝናብ ከመጣ በኋላ ከብቱ ያለቀበትን ቤት በቡሳ ጎኖፋ (ከብት ላለቀበት ወገን በጋራ ከብት የሚሰጥበት የቦረና ባህል) ደንብ ጎሳው ራሱ ይለይ፤ እናንተ የምትጨምሩት እዚያ ላይ ይሁን፣ ጊደር ካልተገኘም ፍየል።