ጨርቁ ከአካሉም ከክፍሉም እንዳይለይ

ጥያቄ፦ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች፣ ነጭ ጨርቅ የተጎናጸፈች ሴት በዘይት ቀለም እየሣልሁ ነው። እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ተከታትዬ ብሥላቸውም ጨርቁ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ይታያል፤ ሴትዮዋም ከሌላ ቦታ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ነጩ እንዲደምቅ በላይ በላዩ ብደርብበትም አልተሻሻለም። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ጉድለቶች የመጡት ጨርቁን ከአካሉም ከክፍሉም ነጥለው ስለተመለከቱት ይመስለኛል። እጥፋት የሚነሣው አካል ጨርቁን ከሚይዝበት ወይም ከሚገፋበት ቦታ፣ ማለትም ከትከሻ፣ ከክርንና ከጉልበት ነው። ተቀምጠው አንሶላ ጉልበትዎ ላይ ጣል ቢያደርጉ፣ ጨርቁ ከጉልበትዎ አናት ላይ ተወጥሮ ልሙጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ታች እንደ ጨረር ሲበተን፣ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ደግሞ ረግቦ ሲንጠለጠል ያያሉ። ስለዚህ በቅድሚያ አካሉን ያለ ልብስ በቀጭን ቡናማ ቀለም ይንደፉ፤ ከዚያም አካሉን የሚገልጡትን ጥቂት ትላልቅ እጥፋቶች ብቻ መርጠው የቀሩትን ሳይሳሱ ይተዉ።

ሞዴሏ በተንቀሳቀሰች ቁጥር እጥፋቱ ስለሚለዋወጥ፣ ጨርቁን በልብስ ማሳያ ምስል ላይ በስፒል አያይዞ ለቀናት ማጥናት ይጠቅማል። የሠዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ጣሊያናዊው ቫሳሪ እንደሚለው፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም የሸክላ ምስሎች ሠርቶ፣ በጭቃ የተነከረ ጨርቅ እያለበሰ፣ በትዕግሥት ይሥላቸው ነበር።

ወደ ነጩ ስንመጣ፣ ነጭ ጨርቅ በአብዛኛው ገጽታው ግራጫ ነው፤ ንጹሑን ነጭ ብርሃኑ በቀጥታ ለሚያርፍባት ጥቂት ቦታ ይቆጥቡት። ከሰማይ የሚገባው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ጥላው ሞቅ ያለ መስሎ ይታያል፤ ወለሉ ቀይ ቡናማ ከሆነም ቅላቱ በታችኞቹ እጥፋቶች ጎድጓዳ ውስጥ ይንጸባረቃል። ሴትዮዋን ከክፍሉ ጋር የሚያዛምዳት ይህ ጨርቁ ከአካባቢው የሚዋሰው ቀለም ነው። በጥላው በኩል ደግሞ የጨርቁ ጠርዝና የግድግዳው ቀለም ሳይደርቁ በንጹሕ ብሩሽ አንዱን ወደ ሌላው ያስገቡት፤ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ጥርት ብሎ ሲታይ ምስሉ የተለጠፈ ይመስላልና።

የደረቡት ነጭ ገና ለስላሳ ከሆነ በቀለም ቢላዋ ይፋቁት። እንደገና ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ንብርብር በተርፔንታይን አቅጥነው፣ የተልባ ዘይቱን ወደ ላይ እየጨመሩ ይሂዱ፤ ዘይት የበዛበት ንብርብር ዘግይቶ ስለሚደርቅ፣ በላዩ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ከተቀባ ሥዕሉ ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቲታኒየም ነጭ የተባለው የዘይት ቀለምም በዝግታ ስለሚደርቅ፣ ወፍራሙን የብርሃን ቅብ ለመጨረሻ ያቆዩት።