ወንድሜ ለልጄ ክርስትና ሊመጣ ነው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ካቶሊኮች ነን፤ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በሚቀጥለው ወር ልጄን ክርስትና አስነሳለሁ። ካናዳ ያለው ታናሽ ወንድሜ፣ እዚያ በሕግ ካገባው ወንድ ጋር እመጣለሁ ብሎኛል። የክርስትና አባት ልሁን ይላል። አባም ቤት መጥተው ሁለታችንን ይባርኩን አለ። እናቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ባለቤቴ «ደጄን እንዳይረግጥ» ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እህል አስቀምሻቸው። ሌላው ይደርሳል።

ወንድምሽ ይምጣ። ከቤተ ክርስቲያን በር የሚመልሰው ሕግ የለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2357 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግ ሩካቤ በምንም መልኩ እንደማይፈቀድ ይናገራል። ቀጥሎ በ2358 ደግሞ እነዚህን ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሏቸው፣ ያለ አግባብ አታግልሏቸው ይላል። ባለቤትሽ የመጀመሪያውን ብቻ አንብቧል። ወንድምሽ ሁለተኛውን ብቻ። ሁለቱ ግን አንድ ገጽ ላይ ያሉ ናቸው።

የክርስትና አባትነቱ አይሆንም። ቫቲካን ለአንድ የብራዚል ጳጳስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2023 ስለ ክርስትና አባትነት በሰጠችው መልስ፣ እንደ ባልና ሚስት በይፋ የሚኖሩ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ጉዳይ ለብቻው አይታዋለች። የክርስትና አባት ልጁን በእምነት ላሳድግ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ነውና። ያው መልስ ግን ሌላ በር ይከፍታል፦ ዘመድ የክርስትና አባት ባይሆንም የጥምቀቱ ምስክር ሆኖ ሊቆም ይችላል። ይህን ለቁምስናችሁ አባ አቅርቢላቸው። የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ የክርስትና አባት ስንመርጥ ሁላችንም እንዲህ ጠንቃቆች ብንሆን ጥሩ ነበር። ከትዳሩ ውጭ ቅምጥ ያለችውን ሀብታም «ለልጁ ይጠቅመዋል» ብለን ስናቆም ማንም እህል አይተውም።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ቡራኬው። ወንድምሽ የሰማው «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» ስለሚባለው የቫቲካን ሰነድ ይመስለኛል። ነፍስ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ አጽድቀውት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 2023 ወጣ። ካህን እንዲህ ያሉ ጥንዶች ቡራኬ ቢጠይቁት ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ አጭር ጸሎት ሊያደርግላቸው ይችላል ይላል። ምን ያህል አጭር? እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መጀመሪያ የወጣው ማብራሪያ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አለ። ሠርግ እንዳይመስልም አጥብቆ ከልክሏል። በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 2024፣ የአፍሪካ ጳጳሳት በሰብሳቢያቸው በካርዲናል አምቦንጎ በኩል በአፍሪካ ይህ ቡራኬ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች እንደማይሰጥ አስታወቁ። ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተነጋግረው ነው። ስለዚህ አባ እንቢ ቢሉ ክፋት አይደለም።

ለእኛ ለግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን ምእመናን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። በላቲን ሥርዓት ጋብቻውን የሚፈጽሙት ተጋቢዎቹ በፈቃዳቸው ናቸው። ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ስም ይመሰክራል፣ ይባርካል። በእኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ቁጥር 828 መሠረት የካህኑ ቡራኬ ራሱ የጋብቻው አካል ነው። ያለ እሱ ተክሊል የለም። አስቢው፦ አባ ሳሎንሽ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አቁመው መስቀል ቢያነሱ፣ እናትሽ የሚያዩት የአሥር ሰከንድ ጸሎት አይደለም። ሠርግ ነው። ካናዳ የሚኖር ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። አስረጂው፣ አትቆጪው።

ብቻውን ግን ወንድምሽ መስቀል መሳለም ይችላል። እንደ ማንኛችንም።

የቤቱ ድግስ የአባ ጉዳይ አይደለም፤ የእናንተ ነው። ባለቤትሽ ቅር ቢለው ይገባኛል። ቢሆንም ከእናትሽ ማኅፀን የወጣ ወንድምሽን ደጅ አቁማችሁ ልጃችሁን «ወደ ክርስቶስ ቤት አገባን» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። እጁን አስታጥቡት፣ ከሰው ጋር አንድ መሶብ ላይ አስቀምጡት። አብሮት የመጣውም እንግዳ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሀገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያስቀጣል። የኮንዶሚኒየም ኮሙናል ደግሞ ወሬ አያድርበትም። ማን ከማን ጋር እንደመጣ ለእድርተኛ ማብራራት የለባችሁም። ከድንኳኑ የተነሳ ፎቶም ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ይህን ለልጆቹ ከወዲሁ ንገሪያቸው።

ወንድምሽን ደግሞ ትኬት ሳይቆርጥ ዛሬውኑ ደውይለት። የክርስትና አባት እንደማይሆን እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መስማት የለበትም።