ቁልፉ የት ነው?

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ለገባችሁ ነርሶች፦

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። መንገድ ላይ «ሲስተር!» ሲባል ግን አሁንም እዞራለሁ።

ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ እንደ ትምህርት ቤት ያስፈራኝ የለም። ሆስፒታል ውስጥ ግራ ሲገባችሁ ጎናችሁ ሰው አለ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያየው እናንተን ነው።

የኅዳር ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን አመድ አስመስሎታል። አንድ ልጅ ሰልፍ እንዳይረፍድበት ሮጦ ሲደርስ ደረቱ ሲር ሲር ይል ጀመር። አስም እንዳለበት አውቃለሁ። ፓፉ፣ ማለትም በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉስ? ንብረት ክፍሏ ይዛው አዲስ አበባ ሄዳለች። ዘበኛው በብረት ፈልቅቆ እስኪከፍተው የልጁ ከንፈር ጠቆረ። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ። ጥፋቱ የንብረት ክፍሏ አልነበረም፤ ስገባ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የድንገተኛ መድኃኒቱን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አስሬ ያዝኩ። አንድ ትርፍ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቀለ።

ስለ ፓፉ አንድ ነገር ልጨምር። በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ) ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱና ፓፉን ሰክታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ዝጉት። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይያዝ። አንድ ፓፍ፣ አምስት ትንፋሽ፤ እንደገና አንድ ፓፍ። ሲጠናበት እስከ 10 መድረስ ይቻላል። ጠርሙሱን ግን ዛሬውኑ ሥሩት፤ ልጅ እያቃሰተ መቀስ አይፈለግም።

የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። ጥርስ መሃል ማንኪያ የሚያስገባም አለ፤ ጥርስ ሲሰበር አይቻለሁ። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ይህን ለመምህራን በስብሰባ ቀን ንገሯቸው፤ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ስኳር ያለባት ተማሪ ላብ በላብ ሆና ስትወናበድ፣ መዋጥ ከቻለች፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧት። ሸዋሮቢት ያላችሁ ደግሞ እባብ የነደፈውን እግር አትብጡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁም አትሰሩ። እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ፣ ልጁን ተሸክማችሁ ውሰዱ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መንዝ ገጠር ውስጥ ላለ ግን ደውሎ መቀመጥ አይበቃም። የሁለት ባጃጅ ሹፌሮችና የአንድ ባለፒክአፕ ስልክ በወፍራሙ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ከዚያ ሰዓት ይዛችሁ ልምምድ አድርጉ። እኛ አንድ ሰኞ ሞከርነው። አንዱን መምህር በቃሬዛ ጭነን (ከባድ ሰው ነበር) ከመጨረሻው ክፍል እስከ ግቢው በር 4 ደቂቃ ፈጀብን። ባጃጁ ውጭ ቆሟል። ዘበኛው ኪሱን ይዳብሳል።

«ሲስተር፣ የበሩን ቁልፍ አይተሻል?»